«ግማሽ እንጨት ያድናል» የሚባለው ምርጥ ምድጃ በጎጃም ማድቤት ሲመዘን

በጎጃም ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ መፍትሔ ገለጻ ሲያቀርቡ ሦስት ነገሮች አይቀሩም፦ ችግኝ፣ የፀሐይ መብራትና «ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ። ስለ ችግኝ ያልተባለ የለም። የፀሐይ መብራቱ ቤቱን ከኩራዝ ያላቅቃል፤ ከማድቤቱ ጀርባ የተከመረውን ማገዶ ግን አይነካውም። ከገበያ ተገዝቶ፣ በአህያ ተጭኖ መጥቶ ጉልቻውን የሚያስነሳው ሦስተኛው ነው። እዚህ የምንመዝነውም እሱን ነው። ብዙ ወላጅ ምድጃውን መጀመሪያ የሚያየው ልጁ በፍሊፕ ቻርት ላይ ስሎት ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ ስለ እሱ የሚሉትንም አብረን እንመዝናለን።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ ምድጃው ይገዛል። «ግማሽ እንጨት ያድናል» የሚለውም ውሸት አይደለም። ግን ቁጥሩ የሚገኘው ምጣዱ በደንብ ሲገጥም፣ ፍልጡ ሲደርቅና አንዴ እሳት ተነድዶ ብዙ እንጀራ ሲወጣ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ቁጥሩ ይወርዳል፤ ሁለቱ ከጎደሉ ከጉልቻው ብዙም አይሻልም። ከፍሊፕ ቻርቱ ላይ የሚጎድለው ይኸው ነው።

በአገራችን አንድ ቤተሰብ ለማብሰያ ከሚያነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለእንጀራ ነው። ስፋቱ ከ55 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ የሸክላ ምጣድ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲቀመጥ የእሳቱ ዙሪያ ሁሉ ክፍት ነው። ንፋሱ በአንድ ወገን ገብቶ ነበልባሉን በሌላው ወገን ይዞት ይወጣል። የምጣዱ ዳር እንዳይቀዘቅዝ ጋጋሪዋ ጭራሮውን በየአቅጣጫው ትገፋለች፤ ከእሳቱ ብዙው የማድቤቱን አየር አሙቆ ይቀራል። ምርጥ ምድጃ በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተቀረጸው ይህን ክፍት ዙሪያ ለመዝጋት ነው።

ምድጃው ከሲሚንቶና ከፑሚስ ይሠራል። ፑሚስ ለብሎኬት የሚውለው፣ ሆዱ በአየር ቀዳዳ የተሞላ ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። አራት ጥምዝ ክፋዮች ሲገጥሙ ክብ ግድግዳ ይሆናሉ፤ በአንድ በኩል የማገዶ አፍ፣ በትይዩው ደግሞ የጭስ መውጫ አለው። ከጭስ መውጫው ኋላ ሁለት ትንንሽ ክፋዮች ተጋጥመው የድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ። ከምድጃው የሚወጣው ትኩስ ጭስ በዚያ ሲያልፍ ውሃ ያሞቃል፤ ጋገራው ረዘም ካለ ሽሮም ይንተከተክበታል። እንግዲህ ስድስት ቁራጭ ነው። አራቱን ብቻ የሚሸጥላችሁ ካለ የድስት ማስቀመጫው የት ሄደ ብላችሁ ጠይቁ።

የፑሚሱ ነገር ተራ አይደለም። በውስጡ ያለው አየር ሙቀቱ ግድግዳውን ቶሎ አልፎ እንዳይሄድ ይይዘዋል። በፑሚስ ፋንታ የወንዝ አሸዋ የገባበት ምድጃ ክብደቱም ይጨምራል፤ ሙቀቱንም ግድግዳው ይጠጣዋል። መለየቱ ቀላል ነው። ጠርዙ ላይ ሸረፍ ያለ ቦታ ፈልጉና ውስጡን እዩት፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጠጠር ከታየ ፑሚስ ነው፣ ጥቅጥቅ ብሎ የሚያብለጨልጭ ከሆነ አሸዋ ነው።

ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ምጣዳችሁን በሲባጎ ለኩ። አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ የሸክላ ምጣድ ሙሉ ክብ ሆኖ አይወጣምና በሦስት አቅጣጫ ለኩና ትልቁንም ትንሹንም በቋጠሮ ምልክት አድርጉ። ሻጩ ጋ ስትደርሱ አራቱን ክፋዮች መሬት ላይ አስገጥማችሁ ሲባጎውን በላያቸው ዘርጉ። ምጣዱ በሚያርፍበት ጫፍ ላይ ከአንድ ጣት የማይበልጥ ክፍተት በጭቃ ይመረጋል። ከዚያ ካለፈ ሌላ ምድጃ ወይም ሌላ ምጣድ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ክፍተቱ ባለበት ነበልባሉ ይወጣል፤ የእንጀራው ዳር በዚያ ወገን ያርራል፣ መሀሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ምድጃውን ገዝተው ወደ ጉልቻ ከተመለሱ ቤቶች የሚሰማው ቅሬታ አብዛኛው ይኸው ነው፤ ጥፋቱ የምድጃው ሳይሆን ያለመለካቱ ነው።

ቀጥሎ የሲሚንቶው ብስለት። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ እየጠጣ ነው እንጂ በፀሐይ ደርቆ አይደለም። ከቅርጹ የወጣ ክፋይ በጆንያ ተሸፍኖ ጠዋትና ማታ ውሃ እየተርከፈከፈበት ቢያንስ 7 ቀን መቆየት አለበት፤ ጥንካሬው የሚሞላው ወደ 28 ቀን ገደማ ነው። በበጋ ፀሐይ ላይ አስጥቶ በሦስተኛው ቀን ለገበያ ያወጣው አምራች ምድጃውን ሳይበስል ሸጠላችሁ ማለት ነው። በቁልፍ ጫፍ ጫር አድርጉት፤ ዱቄት ካራገፈ ተዉት። በትንሽ ጠጠር መታ አድርጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ይስጥ፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ስንጥቅ አለ። ለአህያ ጭነቱ ደግሞ በክፋዮቹ መካከል ጭድ ይደረግ። ጠርዝ ከተሸረፈ መጋጠሚያው አይገጥምም፣ በዚያም ጭስ ይወጣል።

ቤት ሲደርስ መሬቱ ይደልደል። ውሃ ልክ የለኝም ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ግማሹ ውሃ የሆነ የላስቲክ ጠርሙስ ምጣዱ ላይ አጋድማችሁ አረፋው ወዴት እንደሚሄድ ማየት ይበቃል። ምጣዱ ካዘነበለ ሊጡ ወደ ዝቅታው ይሄድና አንዱ ወገን እንጎቻ፣ ሌላው ወገን ወረቀት ሆኖ ይወጣል። የማገዶው አፍ ከበሩ ጋር ፊት ለፊት አይሁን፤ ከበሩ የሚገባው ንፋስ በአፉ ገብቶ እሳቱን ያራግባልና ማገዶው ያለ ጥቅም ያልቃል። የጭስ መውጫው ወደ መስኮቱ ወይም ወደ ክፍት ግድግዳው ይዙር። የተለመደው ምርጥ ምድጃ የጭስ ማውጫ ቱቦ የለውም፤ ጭስ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፣ የቀረውንም ማድቤቱ ውስጥ ነው የሚተፋው። ተማሪዎች «ጭስ አልባ» ብለው ሲጽፉ ብናይ እናርማቸዋለን።

መጋጠሚያዎቹና የምጣዱ ዳር ከጭድና ከአመድ ጋር በተለወሰ ጭቃ ይመረጉ። ምጣዱን በሲሚንቶ የሚያጣብቅ ሰው አለ፤ ይህን አታድርጉ። ሸክላ ሲግል ይሰፋል፣ መላወሻ ሲያጣ ይሰነጠቃል። አራቱን ክፋዮች በወገባቸው በሽቦ ማሰር ግን ጥሩ ነው፤ አንዱ ቢሰነጠቅ እንኳ ሽቦው ይዞት ይቆያል።

ቅዳሜ ገዝቶ ሰኞ ሠላሳ እንጀራ ለመጋገር የሚቸኩል ምድጃውን ይገድለዋል። በአዲስ ሲሚንቶ ውስጥ ውሃ አለ። ድንገት በኃይለኛ እሳት ሲመታ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና የውስጡ ፊት ይላጣል። ለሦስት ቀን ያህል በቀን አንድ ጊዜ በጭራሮ ብቻ ለዘብ ያለ እሳት ይነድበት። አዲስ ምጣድ የምታሟሹ ከሆነም አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጋገራው። ማገዶው በሁለት ወይም በሦስት ጣት ውፍረት የተፈለጠ ይሁን። ግንዲላ ከገባ አፉን ይዘጋል፣ አየር አያልፍም፣ እሳቱ ይጨሳል። ከአፉ ቁመት ቢያንስ ግማሹ ለአየር ክፍት መቆየት አለበት። ትኩስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ እሳቱ መጀመሪያ የሚሠራው ያንን ውሃ ማትነን ነው። ተፈልጦ በበጋ ሁለት ወር ያህል ከዝናብ በተጠለለ ቦታ ሲደረደር ውሃው ወደ ክብደቱ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። በክረምት ገዝቶ በክረምት ማንደድ ምርጥ ምድጃን እንደ ጉልቻ መጠቀም ነው።

ለጉልቻ የለመደ እጅ እዚህ ይቸገራል። ግድግዳው ራሱ መሞቅ ስላለበት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ይዘገያሉ። ጋጋሪዋ «ይኼ ነገር አይሞቅም» ብላ እንጨት ትጨምራለች። ትንሽ ቆይቶ ግድግዳው የጠጣውን ሙቀት መመለስ ሲጀምር ምጣዱ ከሚገባው በላይ ይግላል፤ ሊጡ ገና ሲዞር ይንጫጫል፣ ዓይኑ ሳይወጣ ሥሩ ያርራል፣ እንጀራው ምጣዱን ይዞ አልነሣ ይላል። መፍትሔው ከአራተኛው እንጀራ በኋላ ማገዶውን ወደ ውጭ ሳብ ማድረግና በመሀል አንድ ሁለት ፍልጥ ብቻ መጨመር ነው። ማሰሻው በጎመን ዘር ሲያልፍ ዘይቱ ወዲያው የሚጨስ ከሆነ የምጣዱ ሙቀት በዝቷል። በዚሁ ምክንያት ለአራትና ለአምስት እንጀራ ብሎ ምርጥ ምድጃ ማንደድ አያዋጣም፤ ግድግዳውን አሙቃችሁ ትተዉታላችሁ። ሃያ አምስትና ሠላሳ እንጀራ በአንድ ጊዜ ለሚያወጣ ቤት ነው የተሠራው።

የማገዶው ዓይነት እንደ አካባቢው ይለያያል። በቡሬና በሜጫ በኩል የበቆሎ አገዳ አለ። አገዳ ቶሎ ይነድዳል፣ ቶሎ ያልቃል፤ ብቻውን ሲሆን ጋጋሪዋን ከአፉ አያላቅቃትም፤ ከጥቂት ፍልጥ ጋር ግን ያስኬዳል። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባለው ደጋ እንጨት ስለሚጎድል ኩበት ይነድዳል። ኩበት በምድጃው ውስጥ ይሠራል፣ አመዱ ግን ብዙ ነው። ከእያንዳንዱ ጋገራ በፊት አመዱን ስስ ንጣፍ ብቻ አስቀርታችሁ ጥረጉ፤ ከተከመረ እሳቱ ወደ ምጣዱ ተጠግቶ አየር ያጣል። የተጠረገውን አመድ አትጣሉት። በአዊና በምዕራብ ጎጃም ደጋዎች አሲዳማ አፈር ብዙ ነው፤ አመድ እንደ ኖራ አሲዱን ያለዝባልና ለጓሮ ይጠቅማል። ከዩሪያ ጋር ብቻ አትቀላቅሉት፤ ናይትሮጅኑ በጋዝ መልክ ይበናል።

የድስት ማስቀመጫው ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንዱ ቤት «ቦታ ያጠባል» ብሎ ይጥለዋል፤ ጭሱ ሳይጠቀሙበት ይሄዳል። ሌላው ቤት ደግሞ ትልቅ ብረት ድስት ጭኖ መውጫውን ይደፍነዋል፤ ጭሱ መሄጃ ሲያጣ በማገዶው አፍ ተመልሶ ጋጋሪዋ ዓይን ውስጥ ይገባል። የድስቱ ቂጥ ጠበብ ያለ ይሁን፤ በዙሪያው ጭስ የሚያልፍበት ቀዳዳ መታየት አለበት።

ወደ ተማሪዎቹ ገለጻ እንመለስ። ጥሩው ገለጻ ሚዛን ይዞ የመጣ ነው። ጮቄ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ሳለ የበረዶ ድብ ሥዕል የሚለጥፉ ክበቦች አሉ፤ የሚንጠለጠል ሚዛን ብዙ ነገር ያስተምራቸው ነበር። ሥራው እንዲህ ነው። አንዲት ጋጋሪ፣ አንድ ዓይነት ሊጥ፣ ከአንድ ክምር የወጣ ፍልጥ። በጉልቻም በምርጥም እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ይጋገራል። ጋጋሪዋ አዲሱን ምድጃ ለሁለት ሳምንት ያህል ቀድማ ትልመደው፤ አለዚያ የሚለካው የእጇ እንግድነት ይሆናል። ከጋገራው በፊት ማገዶው ይመዘናል፤ ሲያልቅ ያልነደደው ፍልጥ ይመዘናል፣ የቀረው ፍም ጠፍቶ ለብቻው ይመዘናል፣ የወጣውም እንጀራ ይመዘናል። እንጀራ በቁጥር ብቻ ሲያዝ አንዱ ወፍራም አንዱ ስስ ይሆንና ስሌቱ ይበላሻል።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚረሱት ፍሙን ነው። ፍም ያልባከነ ኃይል ነው፤ ቡና ይፈላበታል። በተለመደው ስሌት አንድ ኪሎ ፍም እንደ 1.5 ኪሎ ደረቅ እንጨት ተቆጥሮ ይቀነሳል። የእንጨቱ እርጥበት ደግሞ በ1.12 ተባዝቶ ከ1 ላይ ይቀነሳል፤ እርጥበቱ 20 በመቶ ከሆነ የቀረው 0.776 ነው። በምሳሌ እንየው። በጉልቻ 9 ኪሎ ነድዶ 1 ኪሎ ፍም ቀረ እንበል፦ 9 ሲባዛ በ0.776 ወደ 6.98 ነው፤ 1.5 ሲቀነስ 5.48። ለዚያው ያህል እንጀራ በምርጥ ምድጃ 5 ኪሎ ነድዶ 0.3 ኪሎ ፍም ቀረ፦ 3.88 ሲቀነስ 0.45፣ ማለትም 3.43። የዳነው 37 በመቶ ነው። ፍሙን የረሳ ተማሪ 9 እና 5ን ብቻ አወዳድሮ 44 በመቶ ብሎ ይጽፍ ነበር። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ ስህተቱ ግን በየገለጻው ያለ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ካርቦኑ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ሙሉ በሙሉ ሲነድድ 1.8 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ተማሪው የዳነውን እንጨት በዚህ አባዝቶ፣ በዓመት አባዝቶ፣ በወረዳው አባወራ አባዝቶ ትልቅ ቁጥር ያመጣል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እንጨቱ ከየት መጣ የሚለው ነበር። ከደጃፍ የባሕር ዛፍ ማሳ ከሆነ፣ ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጥና የወጣውን ካርቦን ይመልሰዋል። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ተክሎ፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ፣ አክስሎ፣ መሬቱን መልሶ ያርሳል። እዚያም ስሌቱ ከተፈጥሮ ደን እንጨት ስሌት የተለየ ነው። ከጮቄ አስታ (በተራራው ላይ የሚበቅል የደጋ ቁጥቋጦ) ወይም ከቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ከቀረ የተፈጥሮ ደን የመጣ እንጨት ግን የሚመልሰው የለም፤ ምድጃው ለአየር ንብረት በእርግጥ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ኩበት በሚነድበት ደጋ ደግሞ ትልቁ ጥቅም ማሳው ላይ ነው፦ ያልነደደው ኩበት ማዳበሪያ ይሆናል። ይህን ለይቶ ያቀረበ ተማሪ ካያችሁ አጨብጭቡለት።

ከምርጥ ጎን የሚቀርቡትን ሌሎች በአጭሩ። ላቀች የከሰል ምድጃ ለወጥና ለቡና ጥሩ ነው፤ ለእንጀራ አይሆንም። ትክክል የሚባለው የእንጨት ምድጃ ድስት ነው የሚያበስለው። ባዮጋዝ አራት ያህል ከብትና በቅርብ ውሃ ላለው ቤት ነው፤ የከብቱ እበት ከእኩል ውሃ ጋር በየቀኑ ካልገባ ጋዙ ይቆማል፣ እንጀራንም በቀላሉ አይጋግርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሚመነጭ፣ ከሁሉም ንጹሕ ነው። ግን እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ አምሽቶ የመስመሩ ኃይል ሲዳከም ምጣዱ ለብ ብሎ ይቀራል፤ ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ያለ ሰው በጠዋት ይጋግር።

ዋጋውን በተመለከተ ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ ራሳችሁ አስሉት፦ በሳምንት የምትገዙትን ሸክም እንጨት ዋጋ ያዙ፣ ከዚያ ለእንጀራ የሚሄደውን ለዩ፣ ሲሶው ይድናል በሉ። ግማሹ አላልንም፤ ሲሶው ይበቃል። የምድጃውን ዋጋ ለዚህ ስታካፍሉት ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ይወጣላችኋል። እንጨት የማይገዛ፣ ከራሱ ማሳ የሚቆርጥ ቤት ብሩን አያየውም፤ የሚያየው የሸክም ጉዞው ሲቀንስ ነው።

አንድ ነገር ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ፦ ክፋዩን ለብቻው ይሸጣል ወይ? መጀመሪያ የሚሰነጠቀው የማገዶው አፍ ያለበት ነው፤ ነበልባሉም የፍልጡም ግጭት የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ደህና ሆነው ሳለ በአንዱ ምክንያት ሙሉ ምድጃ ማስገዛት የሚፈልግ ሻጭ አይጠፋም። ያንኑ ቅርጽ የሚያወጣና አፉን ብቻ የሚሸጥላችሁን ምረጡ፤ ክፋዩም ከሌላ አምራች ጋር ስለማይገጥም ከየትኛው እንደገዛችሁ ጻፉና አስቀምጡ።